የሰመር አንድ ቀን በዶቪልና በትሩቪል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከፓሪስ ወጣ ብለው አንድ ቀን ባሕር ዳር መዋል ለሚፈልጉ ሁሉ፤ ሰዓቱ በሙሉ በፈረንሳይ አቆጣጠር ነው።

ዶቪልና ትሩቪል አንድ ከተማ ናቸው ወይስ ሁለት?

ሁለት ናቸው፣ ግን ደጃፍ ለደጃፍ። ሁለቱም በሰሜን ፈረንሳይ፣ ኖርማንዲ ውስጥ፣ ከፓሪስ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ይገኛሉ። በመሃላቸው ቱክ የሚባል ወንዝ አለ። ወንዙ ወዲህ ዶቪል፣ ወዲያ ትሩቪል ነው። ፊት ለፊት ያለው ባሕር ፈረንሳይንና እንግሊዝን የሚለየው ላ ማንሽ ነው።

ትሩቪል ታላቅየው ነው። የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበር፤ ኋላ ሠዓሊዎች መጡበት። ክሎድ ሞኔ በ1870 ሰመር እዚህ ባሕር ዳር ተቀምጦ ሥሏል። ዶቪል ደግሞ ረግረግና አሸዋ ነበር። የፈረንሳይ ንጉሠ ነገሥት የነበረው የሦስተኛው ናፖሊዮን የእናት ልጅ ወንድም የሆነው የሞርኒ መስፍን ከ1860 ጀምሮ ከተማ አደረገው። በ1863 ባቡር ደረሰለት፤ ከዚያ ወዲህ የፓሪስ ሰው እግሩን አላነሳም።

ከፓሪስ እንዴት ይኬዳል?

ከሳን ላዛር ባቡር ጣቢያ ተነሥታችሁ «ትሩቪል ዶቪል» የሚለውን ጣቢያ ትይዛላችሁ። ጣቢያው ለሁለቱም ከተሞች አንድ ነው። መንገዱ ሁለት ሰዓት ከትንሽ ይወስዳል። ቀጥታ የሚሄድ ባቡር አለ፤ ሊዚዩ ላይ ወርዳችሁ የምትቀይሩትም አለ። ትኬት ስትቆርጡ የትኛው እንደሆነ አይታችሁ ያዙ፣ በተለይ ልጅና ጋሪ ካለ።

ከጣቢያው ስትወጡ ወደ ግራ ዶቪል ነው፣ በቀኝ ያለውን ድልድይ ስትሻገሩ ትሩቪል። ለሁለቱም ባሕር ዳርቻ በእግር ይደረሳል፤ ታክሲ አያስፈልግም።

መቼ ብንሄድ ይሻላል?

ሐምሌና ነሐሴ፣ በአውሮፓ ጁላይና ኦገስት፣ ምርጡ ጊዜ ነው፤ ሰው የሚበዛውም ያን ጊዜ ነው። ከቻላችሁ በሥራ ቀን ሂዱ። ጁላይ 14 ብሔራዊ በዓላቸው ነው፣ ኦገስት 15 ደግሞ የእመቤታችን ዕርገት ተብሎ ሥራ የሚዘጋበት ቀን ነው። በእነዚህ ሁለት ቀናትና በዙሪያቸው ባሉት ቅዳሜና እሑዶች ባቡሩም አሸዋውም ጢም ይላል።

ጁን መጨረሻ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ወደ 22፡00 ነው። ስለዚህ ረፋድ ላይ ብትደርሱ እንኳን ቀኑ ገና ነው። ማለዳ ለሚደርስ ሰው ግን ዶቪል ሌላ ነገር ታሳያለች፦ የእሽቅድምድም ፈረሶች ውኃው ጠርዝ ላይ ሲለማመዱ። ከተማዋ ከ1860ዎቹ ጀምሮ የፈረስ ግልቢያ ሜዳ አላት፤ ኦገስት ደግሞ የፈረሰኞች ወር ነው።

ምን ይዘን እንሂድ?

ፎጣ፣ የዋና ልብስ፣ ነጠላ ጫማ፣ ውኃ፣ ኮፍያ፣ መክሰስ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሹራብ። ሰው ይሥቃል፣ «በሰመር ሹራብ?» ይላል። ኖርማንዲ ግን ደቡብ ፈረንሳይ አይደለም። ጠዋት ጠራ ያለ ሰማይ ከሰዓት ይደፈርሳል፤ ነፋሱም ከባሕር ቀጥ ብሎ ይመጣል። ከውኃ የወጣ ልጅ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ከንፈሩ ይጠቁራል።

አንድ የላስቲክ ከረጢት ለእርጥብ ልብስ፣ አንድ ለቆሻሻ ጨምሩ። አሸዋ ላይ የሚነጠፍ ጨርቅ ከፎጣ ሰፋ ያለ ቢሆን ይመረጣል፤ ቤት ያለው አሮጌ አንሶላ በትክክል ይበቃል።

ዶቪል የሀብታም ከተማ ነው ይባላል። ኪሳችን ትንሽ ለሆነ ሰው ምን አለው?

ይህ ጥያቄ ሲጠየቅ ልቤን ይነካዋል። ብዙ ወገኖቻችን ዓመታት ፓሪስ ኖረው «ያ የእኛ ቦታ አይደለም» ብለው ባሕሩን ሳያዩት ይቀራሉና። በፈረንሳይ ባሕር ዳርቻ የሕዝብ ነው። የጃንዋሪ 3 ቀን 1986 የባሕር ዳርቻ ሕግ እግረኛ ወደ ባሕር ዳር በነጻ እንደሚገባ በግልጽ ይደነግጋል። ጃንጥላና መቀመጫ የሚያከራዩ ድርጅቶች ፈቃድ ቢኖራቸውም፣ በ2006 በወጣው ደንብ መሠረት ከተፈጥሮ ባሕር ዳርቻ 80 በመቶው ነጻ ሆኖ መቆየት አለበት። ማንም «እዚህ አትቀመጡ፣ ክፈሉ» ሊላችሁ የሚችለው የራሱ መቀመጫ ላይ ስትቀመጡ ብቻ ነው። አንሶላችሁን ባዶው አሸዋ ላይ ዘርጉ፤ በመብታችሁ ነው።

ሆቴሎቹና ካዚኖው እውነትም የባለጸጎች ናቸው። ዶቪልን ዶቪል ያደረገውን ነገር ለማየት ግን ሳንቲም አይጠየቅም። ሌ ፕላንሽ የሚባለው በ1923 የተሠራ የእንጨት መንገድ በባሕሩ ጎን 643 ሜትር ይሄዳል። እንጨቱ አዞቤ ነው፤ ከአፍሪካ ደን የሚመጣ፣ ውኃና ጨው የማይበግረው። በባዶ እግር ሂዱበት፤ ፀሐይ ያሞቀው ጣውላ ለእግር ደስ ይላል። በጎኑ የልብስ መቀየሪያ ክፍሎች ተደርድረዋል። በመሃላቸው ባሉት ዝቅተኛ አጥሮች ላይ የአሜሪካ ተዋንያንና የፊልም ሠሪዎች ስም ተጽፏል። ከ1975 ጀምሮ እዚህ የአሜሪካ ፊልም ፌስቲቫል ይካሄዳል፤ ስሞቹ የመጡት ከዚያ ነው።

አሸዋው ላይ የተተከሉት ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ጃንጥላዎችም የከተማዋ መለያ ናቸው። ሲዘጉ ጨርቃቸው ወገባቸው ላይ ይታሰራል። ለመከራየት ይከፈላል፤ ከጎናቸው ቆሞ ፎቶ ለመነሣት አይከፈልም።

ቀኑን እንዴት ብንከፍለው ይሻላል? ዶቪል ወይስ ትሩቪል?

እኔ ጠዋቱን ለዶቪል፣ ከምሳ ወዲህ ያለውን ለትሩቪል እሰጣለሁ። ዶቪል ለመንሸራሸርና ለማየት ነው። ትሩቪል ለመብላት፣ ለመዋኘትና ለመቀመጥ ነው። ትሩቪል ሰው ይኖርበታል፤ አሮጊቶች ዳቦ ይዘው ሲመለሱ ታያላችሁ፣ ጀልባዎች ወንዙ ዳር ታስረው ዓሣ ያራግፋሉ። ረቡዕና እሑድ ጠዋት ወንዙ ዳር ገበያ ይቆማል።

ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር ድልድይ አለ። ከድልድዩ የበለጠ የምወደው ግን ወደ ባሕሩ ጠጋ ብሎ ያለውን መሻገሪያ ነው። ባሕሩ ሲሞላ በትንሽ ጀልባ ያሻግሯችኋል። ሲጎድል ጀልባዋ ትቆምና በእግረኛ ድልድይ ትሻገራላችሁ። ክፍያው ትንሽ ነው። ልጆች ከሁሉም ነገር ይህንን ያስታውሳሉ።

ጠዋት ያየነው ባሕር ከሰዓት የት ሄደ?

ሸሽቶ ነው፤ ይመለሳል። ባሕር በጨረቃና በፀሐይ ስበት ይሞላል፣ ይጎድላል። እዚህ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከሙላቱ እስከ ጉድለቱ ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ሰዓቱም በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል ወደፊት ይገፋል፤ ስለዚህ ትናንት የሄደ ጓደኛችሁ የነገራችሁ ሰዓት ዛሬ አይሠራም። ጣና ወይም ላንጋኖ ለለመደ ሰው ይህ ያስገርማል። ውኃው ተነሥቶ ሜዳውን ትቶላችሁ ይሄዳል።

ከመሄዳችሁ በፊት የቀኑን የሙላትና የጉድለት ሰንጠረዥ እዩ። ስልክ ላይ በቀላሉ ይገኛል፣ ባሕር ዳርቻውም ላይ ይለጠፋል። ከሰዓቱ ጎን ከ20 እስከ 120 የሚሄድ ቁጥር አለ። ቁጥሩ ሲበልጥ ባሕሩ ይበልጥ ይሸሻል፣ ሲመለስም በኃይል ነው። ለመዋኘት ሙላቱ አካባቢ ያለው ሰዓት ይመቻል፤ በጉድለት ጊዜ ውኃውን ለመንካት ብዙ ትሄዳላችሁ።

ጉድለቱም የራሱ ደስታ አለው። እርጥቡ አሸዋ ላይ የሞገድ መስመር ታትሞ ይቀራል። እዚህም እዚያም ተጠቅልሎ የተከመረ ቀጭን አሸዋ ታያላችሁ፤ ከሥር ያለ ትል የተፋው ነው። በየጉድጓዱ የቀረው ውኃ በፀሐይ ሞቅ ይላል፣ ውስጡም ከጥፍር ያልበለጡ ሸርጣኖች ወደ ጎን ይሮጣሉ። ትናንሽ ልጆች ካሏችሁ ከባሕሩ ይልቅ እዚህ ይጫወቱ። ዓይናችሁን ግን ከውኃው አትንቀሉ። ባሕሩ ሲመለስ ዝቅ ባለው ቦታ ዞሮ ከኋላችሁ ሊመጣ ይችላል። መመለስ ሲጀምር እናንተም ወደ ደረቁ ተመለሱ።

ውኃው ይቀዘቅዛል?

ይቀዘቅዛል። በሰመር እንኳን ከ17 እስከ 20 ዲግሪ ነው። ዘላችሁ አትግቡ። እግር፣ እጅ፣ ከዚያ አንገትና ደረት እያረጠባችሁ ቀስ በሉ። በተለይ ፀሐይ ላይ ረጅም ሰዓት የተኛ ሰው ድንገት ሲገባ ትንፋሹ ሊቆራረጥ ይችላል። ከተንቀጠቀጣችሁ ውጡ።

የተሰቀሉት ባንዲራዎች ምን ማለት ናቸው?

አረንጓዴ፦ ጠባቂዎች አሉ፣ የሚታይ አደጋ የለም። ቢጫ፦ ጠባቂዎች አሉ፣ ግን አደጋ ስላለ ተጠንቀቁ። ቀይ፦ መግባት ክልክል ነው፣ ውኃው ጸጥ ያለ ቢመስልም። ሐምራዊ ካያችሁ ውኃው ተበክሏል ወይም አደገኛ የባሕር እንስሳት አሉ ማለት ነው።

ከላይ ቀይ ከታች ቢጫ የሆኑ ሁለት ባንዲራዎች ደግሞ ጠባቂዎቹ የሚያዩትን ቦታ ያሳያሉ። ፈረንሳይ ይህን አሠራር የያዘችው በ2022 ነው፤ ድሮ የመጣ ሰው ሰማያዊ ባንዲራ ሊነግራችሁ ይችላል። በሁለቱ ባንዲራዎች መካከል ዋኙ። ጠባቂዎቹ የሚቆሙበት ሰዓት በሰሌዳ ተጽፏል። ሰዓቱ ካለፈ ባንዲራው ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ማንም አያያችሁም።

ዋና አልችልም። ብሄድ ምን አደርጋለሁ?

ሂዱ! እዚያ ካለው ሕዝብ ብዙው አይዋኝም። ይራመዳል፣ ያነባል፣ ይተኛል፣ ልጅ ያጫውታል። ባሕር በሌለበት አገር አድጎ ዋና አለመቻል የሚያሳፍር ነገር አይደለም። እስከ ጉልበታችሁ ገብታችሁ ሞገዱ እግራችሁን ሲመታው መቆም ብቻውን ለመጣችሁበት ይበቃል።

ግን ጥብቅ የምለው ነገር አለ። ከጉልበት በላይ አትግቡ፣ ለብቻችሁም አትግቡ። በአየር የሚነፋ ፍራሽ ወይም ጎማ ላይ አትተማመኑ፤ ነፋስ ከየብስ ወደ ባሕር ሲነፍስ ሳታስቡት ይወስዳችኋል። ልጅ ውኃ ውስጥ ሲሆን በእጃችሁ የምትደርሱበት ርቀት ላይ ሁኑ፣ ስልካችሁ ቦርሳ ውስጥ ይሁን። ቱክ ወንዝ ባሕር የሚገባበት አካባቢ ጀልባ ስለሚመላለስና ውኃው ስለሚስብ ከዚያ ራቁ። ችግር ከደረሰ ለባሕር አደጋ 196፣ ለማንኛውም አደጋ 112 ይደወላል፤ ሁለቱም ነጻ ናቸው።

ምሳ የት እንብላ?

ትሩቪል ወንዙ ዳር የዓሣ ገበያ አለ። በ1930ዎቹ የተሠራ ነው፣ በ2006 ተቃጥሎ እንደገና ታንጿል። ዓሣውን በረዶ ላይ ታዩታላችሁ፤ እዚያው ቆሞ ወይም ተቀምጦ የሚበላም አለ። ሙል ፍሪት፣ ማለትም የተቀቀለ የባሕር ቀንድ አውጣ መሰል ሥጋ ከጥቁር ዛጎሉ ጋር፣ በጎኑ ድንች ጥብስ፣ የአገሬው ምግብ ነው። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር እንስሳ የማትበሉ ከሆነ ሶል ወይም ማክሮ የሚባሉትን ዓሦች እዘዙ።

ምግብ ቤት ለመግባት ሰዓት ይጠበቃል። ምሳ ከ12፡00 እስከ 14፡00 ነው። 15፡00 ላይ «ኩሽናው ተዘግቷል» ሲሏችሁ ንቀት እንዳይመስላችሁ፤ ለሁሉም እንደዚያው ነው። ስትገቡ ቅድሚያ «ቦንዡር» በሉ። ያለ ቦንዡር የተጀመረ ነገር አይሳካም። ውኃ ስታዙ «ካራፍ ዶ» በሉ፤ የቧንቧ ውኃ በነጻ ይመጣላችኋል፣ ሕግ ነው። አገልግሎት ዋጋው ውስጥ ስላለ ጉርሻ ግዴታ አይደለም።

ወጪ ላለማውጣት ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። አምባሻና እንቁላል፣ ፓስታ በሳህን፣ ጥብስ በዳቦ፣ አሸዋ ላይ ሁሉም ይጣፍጣል። ስትበሉ የባሕር ወፎቹን ተጠንቀቁ፤ ከእጅ ይነጥቃሉ።

ጾም ላይ ነን። የሚበላ እናገኛለን?

የፍልሰታ ጾም ከኦገስት 7 እስከ 21 ስለሚውል ከሰመሩ እኩሌታ ጋር ይገጥማል፤ ረቡዕና ዓርብም አለ። ድንች ጥብስ፣ ሰላጣ፣ ዳቦ፣ ፍራፍሬ በየቦታው አለ። ድንቹ በእንስሳት ስብ መጠበስ አለመጠበሱን ጠይቁ። አይስክሬም ቤቶች ሶርቤ ይሸጣሉ፤ ከፍራፍሬ፣ ከውኃና ከስኳር የሚሠራ ነው፣ ወተት የለውም። ሎሚና ማንጎው ይጣፍጣል።

ጋሌት የሚባል ከጥቁር ስንዴ የሚጋገር ስስ ቂጣም አለ። ሊጡ ብዙ ጊዜ ዱቄት፣ ውኃና ጨው ነው፣ ምጣዱን ግን በቅቤ ያሹታል። «ሳን ቤር» ካላችሁ ያለ ቅቤ ማለት ነው፤ እንቁላል በሊጡ እንደሌለም አረጋግጡ። ክሬፕ የሚባለው ጣፋጩ ግን ወተትና እንቁላል ስላለው ለጾም አይሆንም።

ቆዳችን ጥቁር ነው። ሰንስክሪን ያስፈልገናል?

ያስፈልጋል። ጥቁር ቆዳ ከነጭ ይልቅ ይከላከላል እንጂ አይቃጠልም ማለት አይደለም። ውኃውና አሸዋው ጨረሩን መልሰው ይልኩታል፣ ነፋሱ ደግሞ ሙቀቱ እንዳይሰማችሁ ያደርጋል። ማታ ግንባርና ትከሻ ሲለበልብ ነው የሚታወቀው። ከውኃ በወጣችሁ ቁጥር ድገሙት። ለፀጉር ደግሞ የባሕር ጨው ያደርቃልና፣ ባሕር ዳር ካለው ሻወር በንጹሕ ውኃ አለቅልቁትና ዘይት ቀቡት።

ዝናብ ቢመጣስ?

ዶቪል ውስጥ ሌ ፍራንሲስኬን አለ። የፍራንሲስካን መነኮሳይት ገዳም የነበረ ሕንጻ ነው፤ በ2021 ቤተ መጻሕፍትም ሙዚየምም ሆኖ ተከፈተ። ትሩቪል ውስጥ ቪላ ሞንቴቤሎ የሚባል ሙዚየም አለ። ብዙ ጊዜ ግን ዝናቡ አይቆይም። አንድ ቡና ጠጥታችሁ ስትወጡ ሰማዩ ተገልጦ ታገኙታላችሁ።

ባሕር ዳር ማጨስ፣ ሙዚቃ መክፈት፣ ሥጋ መጥበስ ይቻላል?

ማጨስ ከ2025 ሰመር ጀምሮ በፈረንሳይ ባሕር ዳርቻዎች ክልክል ነው፤ ቅጣቱ 135 ዩሮ ነው። የቀረው በየከተማው ደንብ ነው የሚወሰነው። ደንቡ መግቢያው ላይ ባለው ሰሌዳ ተጽፏል። እሳትና ከፍ ያለ ሙዚቃ ይፈቀዳል ብላችሁ አትሂዱ። ጀበናውን ቤት ተዉትና ቡናውን አፍልታችሁ በፔርሙዝ ያዙት፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ከዚያ የተሻለ ነገር የለም።

ሰውነቴን ሸፍኜ መዋኘት እፈልጋለሁ። ይከለክሉኛል?

ባሕር ላይ፣ አይከለክሏችሁም። በ2016 አንዳንድ የደቡብ ከተሞች ሰውነትን የሚሸፍን የዋና ልብስ ሲከለክሉ፣ የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ኦገስት 26 ቀን የቪልነቭ ሉቤን እገዳ አስቆመ። የግለሰብን መሠረታዊ ነጻነት የሚነካ ነው አለ። ስለዚህ ሙስሊምም ሁኑ ክርስቲያን፣ በቲሸርትና በረጅም ሱሪ ውኃ ውስጥ መግባት የእናንተ ጉዳይ ነው። ጎናችሁ ደግሞ ደረቷን ገልጣ የተኛች ሴት ልታዩ ትችላላችሁ፤ ያም ልማድ ነው፣ አታፍጥጡ፣ ፎቶም አታንሡ።

የመዋኛ ገንዳ ግን ሌላ ነው። እዚያ በንጽሕና ደንብ ሰፊ ቁምጣ ብዙ ጊዜ አይፈቀድም፤ ለወንድ ጥብቅ ያለ የዋና ቁምጣ ይጠየቃል፣ የፀጉር ኮፍያም ሊታዘዝ ይችላል። ሰውነትን የሚሸፍነው ልብስም በብዙ ገንዳዎች አይገባም። ከባሕር ወደ ከተማ ስትወጡ ደግሞ ሸሚዝና ቁምጣ ልበሱ። በዋና ልብስ መንገድ ላይ መሄድን የሚቀጡ ከተሞች አሉ፣ ሱቅና ምግብ ቤትም አያስገቧችሁም።

የምንኖረው ጀርመን ወይም ጣሊያን ነው። በመኖሪያ ፈቃዳችን መምጣት እንችላለን?

የሸንገን አገር መኖሪያ ፈቃድና የጸና ፓስፖርት ወይም የጉዞ ሰነድ ያለው ሰው በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ፈረንሳይ መቆየት ይችላል። ሁለቱንም ያዙ፤ ፎቶ ኮፒ አይበቃም። ባቡር ውስጥ ፍተሻ አለ።

የመጨረሻው ባቡር ቢያመልጠንስ?

እሑድ ማታ የፓሪስ ሰው ሁሉ አብሯችሁ ስለሚመለስ፣ የመመለሻ ትኬታችሁን ጠዋቱኑ ቁረጡ። ፀሐይ ረጅም ስለምትቆይ ሰዓት ያታልላል፤ ገና ቀን እየመሰላችሁ ባቡሩ ሊሄድ ይችላል። ካመለጣችሁ መጀመሪያ ከሊዚዩ የሚነሣ ባቡር መኖሩን እዩ። ሊዚዩ በፓሪስና በኖርማንዲዋ ካን መስመር ላይ ስላለች የበለጠ ባቡር ያልፍባታል፤ እስከዚያ የሚያደርሳችሁን ታክሲ ለብዙ ሆናችሁ ከያዛችሁት ይቀልላል። ማደር ከመጣ ክፍል በትሩቪል በኩል ፈልጉ፤ በኦገስት ዶቪል ውስጥ ሳያስይዙ ክፍል ማግኘት ከባድ ነው፣ የተገኘውም ዋጋው አይቀመስም። የማግስቱ የመጀመሪያ ባቡር ስንት ሰዓት እንደሆነ ጣቢያው ሳይዘጋ ጠይቃችሁ ውጡ።